በኪራይ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ጠዋት ጠዋት የማልጠፋበት ቦታ ቢኖር አራት ኪሎ፣ የጋዜጣ አከራዮቹ ዘንድ ነበር። አከራዩ ጋዜጦቹን በእግረኛው መንገድ ዳር በዘረጋው ላስቲክ ላይ ደርድሮ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየአናታቸው ጠጠር ጭኖ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ ለመግዣ የማይበቃ፣ ለመከራያ ግን የሚበቃ ሳንቲም ከፍለን፣ ግንብ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብለን፣ የፊት ገጹን ዘለን የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን እንገልጣለን። ማስታወቂያው የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሥራ ልምድ የሚገኘው ደግሞ ሥራ ሲገኝ ነው። ይህን ዙሪያ ጥምጥም በየጠዋቱ አንብቤ ከጨረስሁ በኋላ፣ የተከራየሁት ጊዜ ሳያልቅ ወደ ኋላው ገጽ እሄድና መስቀለኛ ቃላቱ ላይ አቀረቅራለሁ።

የጋዜጣ ኪራይ አንድ ሕግ አለው፤ አይጻፍበትም። አከራያችን ጋዜጣውን መልሶ ሲቀበል ገጽ ጎድሎ እንደ ሆነ እንኳ ሳያጣራ በቀጥታ የሚገልጠው መስቀለኛ ቃላቱ ያለበትን ገጽ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ጋዜጣ ላይ አንዱ ችኩል በእስክሪብቶ ከሞላበት ለሌላው ተከራይ ግማሽ ጣዕሙ ይጠፋልና፣ ሰውዬው እውነቱን ነው። በዚህ ምክንያት እዚያ የነበርን ፈቺዎች በሁለት እንከፈል ነበር። አንዳንዶቹ ሠንጠረዡን በዐይናቸው ይዘው ቃላቱን በጭንቅላታቸው ውስጥ ይደረድራሉ። እንደ እኔ ያለው ደግሞ በደብተሩ ላይ ሳጥኖቹን እያሰመረ፣ ጥቁሮቹን እያጠቆረ፣ ቁጥሮቹን እየገለበጠ ከከፈለበት ጊዜ ሲሶውን ያባክናል። ሦስተኛ ዐይነትም ነበረ። አልፎ አልፎ ጋዜጣውን ወደ ፀሐይ ዘንበል ሳደርገው፣ በባዶዎቹ ሳጥኖች ውስጥ በጥፍር የተጫሩ፣ ቀለም የሌላቸው፣ ብርሃን በጎን ሲመታቸው ብቻ ብቅ የሚሉ ፊደላት አያለሁ። ማን እንደሚጭራቸው ለብዙ ጊዜ አላወቅሁም፤ አከራዩም አልነቃም።

በጭንቅላት መፍታት ለአማርኛ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በላቲን ፊደል የሚሠራ መስቀለኛ ቃላት አዘጋጅ 26 ፊደላት አሉት፤ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ሳጥን ስለሚያገኙ በየአቅጣጫው መገናኘት አይቸግራቸውም። በአሜሪካ ጋዜጦች የተለመደው 15 በ15 ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱ ፊደል በአግድም በቁልቁልም የሚነበበው፣ ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃልም የማይፈቀደው ቋንቋው ስለሚመች ነው። የእኛ 33 ፊደላት ግን በየ7 ቤታቸው 231 ይሆናሉ፣ እነ ቋን፣ ጓንና ሟን ሳንቆጥር። አንድ ሳጥን ውስጥ ተነባቢው ከነአናባቢው ተጠቅልሎ ይገባል። ስለዚህ አግድሙ «ላ» ብሎ ቁልቁሉ «ለ» ካለ ዝምድና አይቆጠርላቸውም፣ ተለያዩ ማለት ነው። አዘጋጁ የሚያደርገው ሲያጣ ጥቁር ሳጥን ያበዛል፤ ቃላቱም በየጥጋቸው ይነጠላሉ። ቀዳዳውን የሚደፍኑለት ባለ ሁለት ፊደሎቹ ናቸው። እኔ ስለ ቶጎ፣ ቻድ፣ ማሊና ሎሜ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፤ የማውቀውም ሁለት ሁለት ፊደል መሆናቸውን ነው።

መገጣጠሚያዋ ሳጥን የምትሰጠው እርዳታም ወይ ሁሉ ነው ወይ ምንም ነው። ባለ ሦስት ሳጥን ቃል በ«ጓ» እንደሚጀምር ከታወቀ ጓደኛ ወይም ጓንት ብሎ መገላገል ይቻላል። በ«ት» እንደሚያልቅ ማወቅ ግን ምንም አለማወቅ ነው፤ ዕለት፣ ድመት፣ ውበት፣ መሬት፣ ሌሊት እያለ የአማርኛ ስም ግማሹ በ«ት» የሚያልቅ ነው የሚመስለው። ከዚህ የሚብሱት ግን ግሶቹ ናቸው። ፍንጩ «ሄደ» ይላል፤ ሳጥኑ ሦስት ነው። ተጓዘ? ነጎደ? አመራ? አቀና? አራቱም ይገባሉ፣ አራቱም ሄደዋል፤ አዘጋጁ የትኛውን መንገድ እንደ ያዘ የምታሳይ አንዲት መስቀለኛ ፊደል ከሌለች እዚያው መንታ መንገዱ ላይ ቆሞ መቅረት ነው።

አንድ ቀን በዚህ ዐይነቱ ፍንጭ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። «አልደረሰም» ይላል፣ ሁለት ፊደል፤ ሳጥኖቹ በጥቁር ተከብበው ከማንም ቃል ጋር አይነካኩም። «ቀረ» አልሁ። «ቆየ» አልሁ። ስለ እህል እንደ ሆነስ ብዬ «ጥሬ» አልሁ። ሦስቱም በደብተሬ ላይ ተጽፈው ሦስቱም ተሰርዘዋል፤ የቀረውን ሠንጠረዥ ሞልቼ እነዚህ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ብቻ እንደ ወለቀ ጥርስ ተከፍተው ይታዩኛል። አከራዩ ከወዲያ ሆኖ፣ «አንተ! አልጨረስክም እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ጊዜዬ አልፎ ኖሯል። እኔም ቀና ሳልል «ገና!» ብዬ መለስሁለት።

ከአፌ የወጣውን ቃል ከሰማሁ በኋላ የተሰማኝን ደስታ ለሌላ ሰው ማስረዳት ሞክሬ ተሳክቶልኝ አያውቅም። የማውቀው ቃል ነው፤ በቀን ሃያ ጊዜ የምለው ነው፤ ግን ሆን ብዬ ስፈልገው የትም አልነበረም። የዚህ ጨዋታ ጣዕም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አዲስ ነገር በማወቅ አይደለም የሚያረካው፤ አዲስ ነገር ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ ይበቃል። የሚያረካው በኪስህ የያዝኸውን ነገር ሰው ሳያቀብልህ ራስህ ስታገኘው ነው። የዚያን ቀን የጊዜ ጭማሪ ከፈልሁ፤ አልቆጨኝም።

በኋላ ሳስበው ግን አዘጋጁ ሳያስበው የጣለው ወርቅ እንደ ነበረ ታየኝ። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ጽሑፉ ግን ሁለቱን አይለያቸውም። «ዋና»ም እንዲሁ ሲላላ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ሲጠብቅ የበላይ ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለማሳየቱ ለልጅ አስተማሪ ራስ ምታት ሲሆን ለመስቀለኛ ቃላት አዘጋጅ ግን ሲሳይ ነበር። እንግሊዞች ፍንጩ ራሱ እንቆቅልሽ የሆነ፣ ላይ ላዩን አንድ ነገር እየተናገረ ውስጡን ሌላ የሚል መስቀለኛ ቃላት ለራሳቸው ፈጥረው ይኮሩበታል። እኛ ሰምና ወርቅ ያለን ሰዎች ደግሞ «የቤት እንስሳ፣ ሦስት ፊደል» እያልን የአራተኛ ክፍል ፈተና እናወጣለን። ይህን ስል ቅሬታዬን እየተወጣሁ እንደ ሆነ አልክድም፤ ለብዙ ዓመት ያጠራቀምሁት ነው።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ የድሮ መስቀለኛ ቃላት ከያዘ መጽሐፍ ላይ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ ፍንጩ «የኢትዮጵያ መስፍን፣ ሦስት ፊደል» የሚል ነው። መልሱ «ራስ» ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ሦስት ፊደል ስለሚሆን የአሜሪካ አዘጋጆች ጠባብ ቦታ ሲገጥማቸው ሲጠሩት የኖሩ ማዕረግ ነው፣ እኛ ቶጎንና ቻድን እንደምንጠራ። ዘመዴ ደስ ብሎት «እኛም አለንበት» አለ። እኔ ግን ቀናሁ፤ ቃሉ በአማርኛ ሲሆን ስንት ነገር እንደሚያዝል ስለማውቅ። ያን ዕለት ማታ ደብተሬ ላይ አንድ ፍንጭ ጻፍሁ፤ «ከአንገት በላይ ነው፤ ከደጃዝማችም በላይ ነው።» ከአንገት በላይ ሲባል ከልብ ያልሆነውንም ያስጠረጥራልና ፈቺው መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እስካሁን ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው እርሱን ነው፤ የሚያወጣልኝ ጋዜጣ ባይገኝም።

አራት ኪሎ ስንመላለስ ከሁላችንም ቀድመው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደላትን ከየሣጥናቸው አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ተገልብጦ የሚነበበውን ጽሑፍ እየደረደሩ ነው የኖሩት። ከዚህ የተነሣ ይሁን አላውቅም፣ «ሲገለበጥ» ተብሎ በቅንፍ የሚመጣው ፍንጭ፣ ማለትም አዘጋጁ ቃሉ አልገጥም ሲለው ከኋላ ወደ ፊት ጽፎ የሚገላገልበት ዘዴ፣ እኔን ሲያናድደኝ እርሳቸውን ቅንጣት አያስቸግራቸውም ነበር። በደብተር አይጽፉም፤ ጋዜጣውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የቀኝ እጃቸውን ጣቶች እያንቀሳቀሱ ይፈቱታል፤ ጊዜያቸው ሳያልቅ አጥፈው ይመልሳሉ።

መስቀለኛ ቃላት የሚለው ስም ራሱ ከእርሳቸው ሙያ የወጣ መሆኑን የነገርኋቸው እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ የእሑድ ዕትም ላይ አርተር ዊን የተባለ፣ ሊቨርፑል የተወለደ ጋዜጠኛ አራት ማዕዘኑ በጫፉ የቆመ የሚመስል ሠንጠረዥ አወጣ፤ ስሙንም «ወርድ ክሮስ» አለው፣ የቃል መስቀል እንደ ማለት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በለቀማ ስሕተት ሁለቱ ቃላት ቦታ ተለዋውጠው «ክሮስ ወርድ» ሆነው ታተሙ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። «ስሕተቱ ስም ሆኖ የቀረለት ዕድለኛ ነው» አሉ፤ «እኔ አንዲት ፊደል ባሳሳት ከደመወዜ ነበር የሚቆርጡብኝ።»

ያው ጨዋታ በ1924 አሜሪካን ሲያጥለቀልቅ «ኒው ዮርክ ታይምስ» ከንቱ የጊዜ ብክነት ነው ብሎ ነቅፎት ነበር። ራሱ ማውጣት የጀመረው አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ከገባች በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1942 ነው፤ መብራት ጠፍቶ በሚታደርበት ጊዜ አንባቢ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል ተብሎ። ይህን ምክንያት ለመረዳት እኔ ጦርነት አላስፈለገኝም። ከምከራየው ጋዜጣ ላይ ለሚጠይቀኝ ጥያቄ መልስ ልሰጠው የምችለው ያ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ገጾች ሁሉ የምሥክር ወረቀት ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር ይጠይቁኝ ነበር።

መልስ የሚወጣው ከሳምንት በኋላ መሆኑ ደግሞ የራሱ መከራ ነበረው። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱን ካጣው «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል፤ ተሳዳቢው ተሳድቦ፣ መልሱ ተነግሮ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጋዜጣ ግን አገር አይቀበልም። ሳምንቱን ጠብቀህ ስትሄድ ያ ዕትም በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ወይም መልሱ በማስታወቂያ ምክንያት አልወጣም፤ ወይም የሌላ ሳምንት መልስ ተሳስቶ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ደግሞ መልሱን ስንጠብቅ ጋዜጣው ራሱ መታተሙን አቆመ። የዚያ ሠንጠረዥ ቁልቁል 11 እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ «የማይጠግብ» ይላል፣ አራት ፊደል፣ ሦስተኛው «ስ»። እሳት እንዳልል ፊደሉ አይበቃም፤ ሌላ የሚገባው የለም፤ ገበታ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ድንገት ትዝ ሲለኝ ጉርሻው እጄ ላይ ይቀዘቅዛል።

ጋሼና እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን። አግድም 7 «ዓባይ ከጣና የሚወጣባት ከተማ» ይላል፣ አምስት ፊደል፤ ይህንንማ ማን ያጣዋል። ቁልቁል 3 ደግሞ «ከዲያቆን እስከ ጳጳስ የሚሰጥ ሹመት» ይላል፣ አራት ፊደል። ሁለቱ የሚገናኙት በየሁለተኛ ፊደላቸው ላይ ነው። እኔ ባህር ዳር ብዬ ሞልቼ፣ በዚያችው «ህ» ክህነትን ወደ ታች አውርጄ፣ በድል አድራጊነት ደብተሬን ለጋሼ አሳየኋቸው። አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባሕር በሐመሩ ሐ ነው» አሉ። «ክህነት በሃሌታው ሀ ነው። አይገናኙም። ሰውዬው ተሳስቷል።»

«ጋሼ፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው» አልኋቸው።

«ድምፁማ አንድ ነው። ሣጥኑ ነው ሌላ።» የቀኝ እጃቸውን አንሥተው አየሩ ላይ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ፣ የማይታዩ ሁለት ቦታዎችን ነካ ነካ አደረጉ። «ሠላሳ ዓመት ስለቅም ሕ እዚህ ነበር፣ ህ እዚያ። አንድ ሣጥን ውስጥ አድረው አያውቁም። በአንድ ሣጥን ሁለት ፊደል አይገባም፣ ልጄ።»

እኔም በጉልምስና እልህ፣ ሞክሼ ፊደላት ትርፍ ናቸው የሚለውን የቆየ ክርክር፣ ሀ፣ ሐና ኀ ዛሬ በአማርኛ አንባቢ ጆሮ አንድ ስለ መሆናቸው ያለውን ሁሉ ዘረገፍሁላቸው። እርሳቸው ድኅነትና ድህነትን ጠቀሱልኝ፤ አንዱ መዳን፣ አንዱ ማጣት። ሠረቀንና ሰረቀን ጠቀሱልኝ፤ አንዱ የፀሐይ መውጣት ነው፣ አንዱ የሌባ ሥራ። ዓመት በዐይኑ ዐ ዘመን እንደ ሆነ፣ በአልፋው አ ከተጻፈ ግን ገረድ እንደሚሆን ነገሩኝ። ያን ቀን ሁለታችንም አልተረታንም፤ ግን በማግስቱ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ዛሬ የራሴን ሠንጠረዦች ስሠራ ይህ ክርክር በየሳጥኑ ይመጣብኛል። እንደ ፈቺ ከሆነ አቋሜ ያው ነው። የአጻጻፉን ሥርዓት ሳይነግረኝ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ፀሐይን አንዴ በፀሐዩ ፀ፣ አንዴ በጸሎቱ ጸ የሚጽፍ አዘጋጅ ያጭበረብረኛል፤ ከሠንጠረዡ ራስጌ «ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ስንት ሰው ከስንት ንዴት ይድን ነበር። እንደ አዘጋጅ ከሆነ ግን ያችን መስመር ጽፌ፣ መብቱን ለራሴ ሰጥቼ፣ ሕ እና ህን ማጋጨት ስፈልግ እጄ እንቢ ይለኛል። ጥቁር ሳጥን አስገብቼ እለያያቸዋለሁ፤ አንዳንዴም ለዚች ስል ግማሹን ሠንጠረዥ አፈርሳለሁ። ባለቤቴ «ማን ያይብሃል?» ትለኛለች።

በጠባችን በሳምንቱ መልሱ ወጣ። ጋሼ ቀድመውኝ ተከራይተው፣ ጨርሰው፣ መልሰው ሄደው ነበር። አከራዩ እንደ ልማዱ ገጹን ገልጦ አይቶ ለእኔ አቀበለኝ። መልሱ በትንንሽ ሳጥኖች፣ ገጹ ግርጌ ላይ ታትሟል፤ በክርክራችን ሳጥን ውስጥ ያለው «ህ» ነው። ረታሁ ብዬ ልደሰት ስል ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረግሁት። ከታተመው «ህ» ጎን፣ በዚያችው የጤፍ ፍሬ በምታህል ሳጥን ውስጥ፣ በጥፍር የተጫረች «ሕ» ነበረች።